ቀዩ ለሕዝብ፣ አረንጓዴው ለማን?

ክረምት ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ። አባቴ ቁርሳቸውን ሊቀምሱ ተቀምጠው ሳለ የሻይ ብርጭቆው ከእጃቸው አመለጠ። «ምነው አባዬ?» ብላቸው ከአፋቸው የወጣው ቃል ሳይሆን ድምፅ ብቻ ሆነ። ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። እናቴ «ኧረ በእመቤቴ!» ብላ ጮኸች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አምቡላንስ ተደወለ፣ «መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ትንሽ ጠብቁ» ተባለ። ማን ይጠብቃል? የሰፈራችን ልጅ በቪትዝ መኪናው ነው የሚተዳደረውና አባቴን ከኋላ አጋድመን ጉዞ ወደ ሆስፒታል ሆነ። እሑድ ጠዋት ቢሆን ኖሮ አሥራ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ስንደርስ ትራፊክ ፖሊሱ መሀል ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶብናል። ከራሱ በላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ሆነ፤ እጁ ግን ቁሙ ይላል። መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ቀይ ሆነ፣ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። እጁ ንቅንቅ የለም። አረንጓዴው ሦስት ጊዜ በርቶ ሲጠፋ ቆጠርኩ። ይኸ መብራት ለማን ነው የሚበራው? ለወፎች? አላስችል ሲለኝ ከመኪናው ወርጄ በዝናቡ ውስጥ ወደ ትራፊኩ ሮጥኩ። ሰውየው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። መጥቶ በመስኮት አየና ፊቱ ተለወጠ፣ ፊሽካውን ነፋ፣ ሌላውን ወገን አቁሞ እኛን አሳለፈ። ስሙን ባውቅ ኖሮ ሄጄ አመሰግነው ነበር።

ግን ምን ዋጋ አለው? አራት መቶ ሜትር እንኳን ሳንሄድ ሌላ መስቀለኛ መንገድ፣ ሌላ ፖሊስ፣ ሌላ የተዘረጋ እጅ። ያኛው ለዚህኛው የነገረው ነገር የለም፤ የሚነግርበትም መንገድ የለውም። የደጉ ሰውዬ ርኅራኄ የዘለቀችው አንድ ብሎክ ያህል ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ከቤት ከወጣን አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሆኖናል። ሐኪሙ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለ። አባቴ ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀኝ እጃቸው ግን እስከ ዛሬ ማንኪያ አያነሳም። «መብራቱ ነው እንዲህ ያደረጋቸው» ብዬ መማል አልችልም። የአንጎል ደም ሥር ነገር ነው፣ ሐኪሙም አልማለልኝም። ያቺ አንድ ሰዓት ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ትራፊክ መብራት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና የሚያውቅ ሰው ሳገኝ ስጠይቅ ከረምኩ። መሐንዲስ አይደለሁም፤ ያለኝ የኮሌጅ ዲፕሎማ ነው፣ እሱም በሌላ ሙያ። ነገሩ ግን ፈርጠም ብሎ ለሚያስብ ሰው ያን ያህል የሚከብድ አይደለም፤ የሚከብደው ለምን እንደማይሠራ መረዳቱ ነው።

አንድ የትራፊክ መብራት ሦስት ቁጥሮች አሉት። አንደኛው ዙሩ ነው፤ ከአረንጓዴ ተነስቶ ተመልሶ አረንጓዴ እስኪሆን የሚፈጅበት ጊዜ። ሁለተኛው ድርሻው ነው፤ በአንድ ዙር ውስጥ ለየትኛው ወገን ስንት ሰከንድ እንደሚሰጥ። ሦስተኛውና በእኛ አገር ወላጅ አልባ የሆነው ቁጥር ደግሞ በጎረቤት መብራቶች መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ነው። ይኸኛው መብራት አረንጓዴ ከሆነ ስንት ሰከንድ ቆይቶ ነው ቀጣዩ አረንጓዴ የሚሆነው? መልሱ ቀላል ማካፈል ነው። በሁለቱ መካከል 400 ሜትር ካለና መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 36 ሰከንድ ይፈጅበታል። እንግዲያው ቀጣዩ መብራት ከመጀመሪያው 36 ሰከንድ ዘግይቶ ይብራ! የሚቀጥለውም እንዲሁ። ከመጀመሪያው መብራት በአንድነት የተነሳው የመኪና መንጋ በየደረሰበት በሩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ፈረንጆቹ ይህን «አረንጓዴ ማዕበል» ይሉታል። ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው፤ በሰዓት 70 የሚበር ሰው ቀድሞ ስለሚደርስ ቀይ ነው የሚጠብቀው። ችኩል የማይጠቀምበት ብቸኛ መንገድ ማለት ነው።

ይኸ የትናንት ወዲያ ግኝት እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ የሚባለው ከተማ ስድስት መስቀለኛ መንገዶችን አያይዞ ከአንድ ቦታ በእጅ ማብሪያ ማጥፊያ መቆጣጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። እኛ ዘንድ ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡ በጥቂት ወራት ውስጥ መሆኑ ነው! ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1963 መብራቶቹን ለኮምፒዩተር አስረክባለች። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1984 ኦሎምፒክ ልታስተናግድ ስትል በስታዲየሙ ዙሪያ የጀመረችውን ሥራ ቀስ በቀስ አስፍታ እ.ኤ.አ. በ2013 የከተማዋን 4,400 ያህል መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ አስራቸዋለች። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በምትባለው ሰፈር ክትፎ በልተው የሚወጡት ወገኖቻችን በዚያው ሥርዓት ውስጥ ነው የሚነዱት። ፒትስበርግ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ዩኒቨርሲቲ በዘጠኝ መስቀለኛ መንገዶች የሞከረው፣ መብራቶቹ እርስ በርሳቸው «እየተነጋገሩ» የሚወስኑበት ዘዴ የጉዞ ጊዜውን በሩብ ያህል ቀንሷል። ኮፐንሃገኖች እንዲያውም ማዕበሉን ለመኪና መስጠቱን ትተው እ.ኤ.አ. በ2007 ኖሬብሮጋድ በተባለው ጎዳናቸው ለብስክሌተኛ አድርገውታል፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው እግሩን መሬት ሳያስነካ ከተማ ይገባል።

«ሎስ አንጀለስማ አሁንም መንገዷ እንደተጨናነቀ ነው!» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው። መብራት ማቀናጀት መኪና አይቀንስም፣ አስፋልትም አይወልድም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ያለችህን አስፋልት አታባክን ይልሃል። ሀብታም ቢያባክን የራሱ ጉዳይ ነው። እኛስ?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አዲስ አበባ መብራት የላትም ማለት ቀርቷል። አንድ ጊዜ የመስቀል አደባባይን መተረማመስ ከላይ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ዞሮ ፈረንጅ ሁሉ ሲስቅብን ነበር፤ ያለ መብራት፣ ያለ መስመር፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣ መኪና እንደ ጉንዳን ሲተላለፍ። ዛሬ መብራቱ ተተክሏል። በ2008 ዓ.ም. የዓለም ባንክ የአገሪቱን ትራንስፖርት፣ የአዲስ አበባን የትራፊክ አስተዳደር ጭምር ለማሻሻል 300 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል፤ እኛም ልጆቻችንም የምንከፍለው ብድር ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ተጀመረና ፒያሳ ፈረሰች፣ አስፋልቱ ሰፋ፣ የእግረኛ መንገዱ አማረ፣ የብስክሌት መንገድ ተሠራ። ያማረውን አላማረም አልልም፤ ማታ ማታ ሲያዩት ደስ ይላል። ግን እኮ ከፒያሳ የተነሳው ሰው የት ሄደ? ገላን ጉራን ወደመሰለ የከተማ ዳር። ከዚያ በፊት የሄደውም ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ነው ያለው። ድሮ በእግሩ ሥራ ይገባ የነበረ ሰው ዛሬ በታክሲ፣ በሃይገር፣ በአንበሳ አውቶቡስ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚገባው። በየመብራቱ የሚባክነው ደቂቃ የሚቆረጠው ከእሱ እንቅልፍ፣ ከእሱ የሥራ ፊርማ ነው። አርፍዶ ሲደርስ አለቃው «መብራት ይዞኝ ነው» ቢለው የሚሰማው ይመስላችኋል?

እና መብራቱ ተተክሎ ሳለ ምንድን ነው ችግሩ? ከጥዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት፣ ከምሽቱ አሥራ አንድ እስከ አንድ፣ ማለትም መብራቱ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ፖሊስ ወደ መሀል ይገባና በእጁ መምራት ይጀምራል። መብራቱ ከላዩ ላይ ለራሱ ይበራል ይጠፋል፣ እንደ ሰርግ ቤት አምፖል። በብዙ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ሥራ በሌለበት ሰዓት ይሠራል፣ ሥራ ሲመጣ ያርፋል። ጎረቤት ናይሮቢም በዚሁ በሽታ የታወቀች ናት፤ ይኸ ግን ለእኛ መጽናኛ አይሆነንም።

ፖሊሱን ለመስደብ አልተነሳሁም። በጭስና በዝናብ የሚቆም ሰው ነው፣ አባቴንም ያሳለፈልኝ እሱው ነው። አንዱን በሻይ ሰዓቱ አግኝቼ «ለምን መብራቱን አትተዉትም?» ብዬ ጠይቄው «መብራቱ ቶሎ ቶሎ ይቆርጣል፣ መኪናው ሳይጠራ ይዘጋል። እኔ ረዘም አድርጌ ስለቅ ነው የሚጠራው» አለኝ። ሞኝነት አይደለም፣ ግማሽ እውነት አለው። መብራቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በተላለፈ ቁጥር አራት ሰከንድ ያህል ማንም ሳይንቀሳቀስ ይባክናል። አራት ወገን ካለ 16 ሰከንድ ማለት ነው። ዙሩ 60 ሰከንድ ቢሆን ከመቶ 27 ያህሉ ባከነ። ዙሩን 120 ብታደርገው የሚባክነው ወደ 13 ይወርዳል፤ ትልቅ ትርፍ ነው። እዚህ ድረስ ፖሊሱ ልክ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሒሳቡ ይከዳዋል። 240 ብታደርገው የምታተርፈው ሌላ ሰባት ከመቶ ብቻ ነው፤ የቆመው ወገን ሰልፍ ግን እየረዘመ ይሄዳል። እስቲ አብረን እንቁጠር። በአንድ መስመር በደቂቃ 10 መኪና ይመጣል እንበል። ፖሊሱ አምስት ደቂቃ ያዘው። 50 መኪና ተሰለፈ። አንዱ መኪና ከፊቱ ካለው ክፍተት ጋር 7 ሜትር ይይዛል። 350 ሜትር! ስምንት ደቂቃ ከያዘው 560 ሜትር፤ በዚህ ጊዜ የሰልፉ ጅራት ከኋላ ያለውን መስቀለኛ መንገድ አልፎ ሄዶ ዘግቶታል። የኋለኛው ፖሊስ መንገድ ቢሰጥ የሚሄድበት የለም፤ መሀል ላይ የቆመው ሚኒባስም የጎን መንገዱን ይዘጋል፣ ጥሩንባው ይቀልጣል፣ ስድቡ ይከተላል።

ሲለቅስ? መኪና ከቆመበት ሲነሳ በአንድ መስመር በሁለት ሰከንድ አንድ ያህል ያልፋል። አምስት ደቂቃ ሙሉ ቢለቅ 150 መኪና ለቀቀ ማለት ነው። ከፊት ያለው 400 ሜትር መንገድ ግን የሚይዘው በመስመር 57 መኪና ገደማ ነው። የፊተኛው ፖሊስ በዚያች ሰዓት ይህን ወገን ከያዘው የቀሩት 93 የት ይግቡ? የእኔ ጎበዝ ፖሊስ የራሱን መስቀለኛ አጠራሁ ብሎ የጎረቤቱን አፍኖ ገደለው። ሁለቱም ጎበዝ ናቸው፣ ሁለቱም ይደክማሉ፣ ከተማው ግን ቆሟል። እንግሊዛዊው ዌብስተር ተስማሚውን የዙር ርዝመት ማስሊያ ቀመር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ በተጨናነቀ ሰዓት የብዙ መስቀለኛ መንገድ መልስ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ውስጥ ነው የሚወድቀው። ስምንት ደቂቃ የሚል መልስ የለም።

ስለዚህ ፖሊሱ መብራቱን የሚሽረው ሰከንዱ በትክክል ስላልተሰላ ነው፤ ሰከንዱን የሚያሰላው ሰው ደግሞ ፖሊሱ ሁልጊዜ ስለሚሽረው የመብራቱን ጥፋት አይቶ ሊያርም አይችልም። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ያውቃሉ? የመንገዱ መሥሪያ ቤት ሌላ፣ የትራፊኩ ሌላ፣ ፖሊሱ ሌላ፣ ኤሌክትሪኩ ሌላ፣ ቴሌው ሌላ። አንዱ ሲቆፍር ሌላው ይደፍናል። መብራቶቹ አልተቀናጁም ብዬ ስጮህ የቆየሁት ሰዎቹ ሳይቀናጁ ኖሯል።

አሁን ወደማይነካው ነገር ልግባ። ለአጀብ የሚዘጋ መንገድ። ስብሰባ በመጣ ቁጥር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ትልቅ ሰው ከቤቱ ወደ ቢሮው በሄደ ቁጥር ፊሽካ ይነፋና ሕዝብ ይቆማል። የአገር መሪ ጥበቃ አያስፈልገውም የሚል የለም፤ የአፍሪካ ኅብረት መዲና በመሆናችንም እንግዳ መቀበል አለብን። እኔ የማወራው ስለ ዋጋው ነው። መብራቱ በተቀናጀ መንገድ ላይ እንኳን ቢሆን፣ በአንድ መስመር በደቂቃ 15 መኪና ይመጣል፣ መስቀለኛውም የሚያሳልፈው በደቂቃ 15 ነው እንበል፤ ልክ በልክ። አሥር ደቂቃ ዘጋኸው። 150 መኪና፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሰልፍ በየመስመሩ። አጀቡ አለፈና ተከፈተ። ሰልፉ መቼ ያልቃል? አያልቅም! የሚመጣውና የሚወጣው እኩል ነውና 150ው እዚያው ይኖራል፣ ሰዉ ቤቱ ገብቶ መኪና እስኪቀንስ ድረስ። ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ የተዘጋ መንገድ ለሕዝብ የሚከፈተው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው ማለት ነው። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ስንት ምጥ የያዛት፣ ስንት ደም ግፊት የጣለው፣ ስንት ፈተና ያረፈደበት ተማሪ አለ? እነሱ ባለጥቁር መስታወት ናቸው፣ አያዩንም። እኛ ግን እናያቸዋለን።

ነዳጁስ? መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀምሯል፤ ዋጋው የት እንደደረሰ ባለ ታክሲውን ጠይቁት። ቆሞ የሚነድ ሞተር የሚያቃጥለው በዚሁ ዋጋ የተገዛውን ነዳጅ ነው፣ ሒሳቡም ዞሮ ዞሮ በታሪፍ መልክ ተሳፋሪው ኪስ ውስጥ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ሲከለከል «ጭሱ ይቀንሳል» ተባለ፤ ይቀንስ ይሆናል። ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ቀይ መብራት ላይ ያው ይቆማል፤ ከኋላው ያለው አሮጌ አይሱዙም ጭሱን ይለቅበታል።

ስለ መኪና ብቻ ማውራቴ አበሳጭቷችሁ ይሆናል። ያበሳጫል። የዚች ከተማ ሰው ከጉዞው ግማሽ ያህሉን የሚጓዘው በእግሩ ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም የሚበዙት እግረኞች ናቸው። መብራት ሲቀናጅ እግረኛው ከተረሳ ለባለመኪና የተሠራ ሌላ ሎሌ ነው የሚሆነው። ስንት ሰከንድ ይሰጠው? የተለመደው ስሌት ሰው በሰከንድ 1 ሜትር ከ20 ይራመዳል ይላል። 24 ሜትር የሆነ አስፋልት 20 ሰከንድ ይፈጃል። አባቴ ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢራመዱ ነው። አስፋልቱን ባሰፋነው ቁጥር የእሳቸውን ሞት አንድ እርምጃ አቀረብነው፣ ሰከንዱን አብረን ካላረዘምን ወይም መሀል ላይ የሚቆሙበት ካልሠራን በቀር። ፖሊስ በእጁ በሚመራበት ሰዓት ደግሞ እግረኛውን የሚያየው የለም፤ ስምንት ደቂቃ ዜብራ ላይ የሚቆም ሰው የለምና በመኪና መካከል ይሹለከለካል። «ሕዝባችን ሥርዓት የለውም» ይሉናል ኋላ! ሰው የሚታመን መብራት ሲያገኝ ይጠብቃል። አጭር ዙር ለእግረኛ ምሕረት ነው።

ከመብራቱ ውጪ ያለውንም ጥፋት መደበቅ አይገባም። ሚኒባሱ መስቀለኛው አፍ ላይ ቆሞ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ! የሞላ!» እያለ አንድ መስመር ሲዘጋ የቱም ኮምፒዩተር አያድነውም። ተጠያቂው ረዳቱ ብቻ አይደለም፤ መቆሚያ የት ተሠራለት? በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ዋና ዋና መንገዶቻችንን መሀል ለመሀል ሰንጥቋቸዋል፤ ወደ ግራ ለመታጠፍ ሩቅ ሄዶ መዞር ግድ ነው፣ የሚዞሩበትም ቦታ ራሱ ሌላ ማነቆ ሆኗል። እና መብራት ሲጠፋ። ኤሌክትሪኩ ማለቴ ነው። እሱ ሲሄድ የትራፊኩም አብሮ ይሄዳል፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ የእያንዳንዱ መብራት ሰዓት ለየቅሉ ሆኖ ነው የሚነሳው፤ ተቀናጅቶ ቢሆን እንኳን በዚያች ቅጽበት ይፈርሳል።

ይኸ ሁሉ ግን መድኃኒት አለው፤ ደግሞ ውድ አይደለም። መንገድ ቆፍሮ ሽቦ መዘርጋት እንኳን የግድ አይደለም። እያንዳንዱ የመብራት መቆጣጠሪያ ሳጥን ሰዓቱን ከሳተላይት የሚወስድ መሣሪያ ቢገጠምለት፣ ኤሌክትሪክ ሄዶ ቢመጣም ሁሉም ወደ አንድ ሰዓት ይመለሳሉ፤ ልዩነቱም አይፋለስም። የዛሬዎቹ ኤል ኢ ዲ መብራቶች የሚበሉት ኃይል ጥቂት ስለሆነ በባትሪ ለሰዓታት መቆየት ይችላሉ። ከዚያ የሚቀረው አንድ መንገድ መርጦ፣ ሰው አቁሞ መኪናና እግረኛ አስቆጥሮ፣ ለጠዋት፣ ለቀትር፣ ለማታና ለእሑድ የተለያየ የሰከንድ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። ከየዩኒቨርሲቲው በሲቪል ምሕንድስና የሚመረቀው ወጣት ሥራ አጥቶ ጀበና ቡና ተቀምጧል፤ ለእሱ ስጡት። አንድ ተሻጋሪ ድልድይ የሚፈጀው ገንዘብ ለስንት መስቀለኛ መንገድ እንደሚበቃ ይሰላ። ነገር ግን መብራት ማስተካከል ሪባን አያስቆርጥም፣ በቴሌቪዥን አያምርም። ሠላሳ ስድስት ሰከንድን ማን ይመርቃል?

የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ጎዳና፣ የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ለሦስት ወር በመብራት ብቻ ይመራ። ፖሊሱ ከመሀል ወጥቶ ዳር ይቁም፣ ቀይ የሚጥሰውንና መስቀለኛ አፍ የሚዘጋውን ይቅጣ፤ አምቡላንስ ሲመጣ ግን ከዚያ መስቀለኛ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ በሬዲዮ ይነጋገርለት። ከሙከራው በፊትና በኋላ የጉዞው ደቂቃ ተለክቶ ለሕዝብ ይነገር፣ ካልሠራም አልሠራም ተብሎ ይጻፍ። ለአጀብ የተዘጋ መንገድ ደግሞ ስንት ደቂቃ እንደተዘጋ ይመዝገብ። ሌላ አይደለም፣ ይመዝገብ ብቻ! በተጨማሪም በብድር ገንዘብ የተተከለው መብራት ስንት ነው፣ ስንቱስ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዟል የሚለውን የሚያውቅ ባለሥልጣን ካለ ለዚህ ጋዜጣ ይጻፍልን፤ ዝግጅት ክፍሉ እንደሚያወጣለት አልጠራጠርም።

አባቴን በየሐሙሱ ለእጃቸው እንቅስቃሴ ሕክምና እወስዳቸዋለሁ፣ በዚያው መንገድ። ባለፈው ሳምንት ያ ትራፊክ እዚያው ነበር። አባቴ በመስኮት አይተው «ያ ልጅ ነው?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። በግራ እጃቸው ሰላም አሉት። መብራቱ አረንጓዴ ነበር፤ እኛ ግን ቆመናል።